ዊልፍ የሞተበት ሐሙስ

ማቪስ ካሚሽ ባሏ በሞተ ማግስት ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ ዳቦ ቤት ሄደች። ዳቦ አስፈልጓት አልነበረም፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቷት ነው። በሩን ስትገፋ ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩዋት። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለችው ሴትዮ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣችና ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«አይዞሽ የኔ እናት። ሁላችንም እንደ አንቺው ነን። እኔም ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም።»

ማቪስ «ማን ነገራችሁ?» ልትል አፏን ከፈተች። ባሏ ዊልፍ የሞተው ትናንት ማታ፣ ስካርብራ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ለማንም አልተናገረችም። ወዲያው ግን በመስኮቱ ላይ የእንግሊዟን ንግሥት ፎቶግራፍ አየች። ጥግና ጥጉ ላይ ጥቁር ሪባን ታስሮበታል፤ የሚያዝኑት ትናንት ማታ ለሞቱት ለሳቸው ነው።

ከኋላዋ የቆሙ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጥቁር መልበስሽ ደግ አደረግሽ። የዛሬ ሰውማ በቁምጣ ነው ሐዘን የሚቀመጥ።»

«ሲያሳዝኑ እኮ» አለች አንዷ፤ «ማክሰኞ ለት በቴሌቪዥን ቆመው ሲስቁ አይቻቸው ነበር።»

ማቪስ ዊልፍም ማክሰኞ ለት እንደሳቀ ትዝ አላት። «አዎ» አለች። ዳቦዋን ይዛ ወጣች።

ያን ጊዜ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን የዚያችን ሴትዮ በስስት ያዘነ ፊት እያየች «የለም፣ እኔ ያለቀስኩት ለባሌ ነው» ማለት እንደ ጥጋብ ሆነባት። ሌላም ነገር ነበር። የባል ሞት ሲነገር ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቀዋለች። ሰው ሁሉ እጅሽን ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቅሻል፤ አጠገቡ ነበርሽ?

አጠገቡ አልነበረችም።

ዊልፍ ዕድሜውን በሙሉ ከፋይሊ የባሕር ዳርቻ እየተነሣ ሸርጣን ያጠመደ ሰው ነው። ደረቱ የታመመው ጀልባዋን ከሸጠ በኋላ ነበር። ማቪስ የወጥመዱን ገመድ ትጠግን፣ በክረምት ሹራብ ትሠራለት ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። የቤቱ ጌጥ የማቪስ ኩባያዎች ነበሩ። በቤተ መንግሥቱ ዘውድ ሲደፋ፣ ልዑል ሲያገባ፣ ልጅ ሲወለድ የሚወጣውን፣ ሥዕላቸው ያለበትን ኩባያ አንድም አላለፋትም። ዊልፍ ጠዋት ጋዜጣውን ሲያቀብላት «እንኪ፣ ዘመዶችሽ እንዴት አደሩ?» ይላታል።

«ካንተ ዘመዶች ይሻላሉ።»

«እነዚህ እንኳ ተፋተዋል። ኩባያቸውን ለምን አትጥዪውም?»

«ኩባያው ምን አጠፋ?»

ሐሙስ ማታ ሆስፒታል ውስጥ፣ ኮሪደሩ ላይ ሩጫ የመሰለ ነገር ሰማች። ሰዎች ወደ ማረፊያው ክፍል ይሄዱ ነበር። ከቀትር ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ስለ ንግሥቲቱ ጤና ሲያወራ ስለዋለ ምን እንደሆነ ገባት። ተነሥታ ሄደች። አስታማሚው፣ ጽዳት ሠራተኛው፣ በሽተኛው፣ ሁሉም ቆሞ ያያል፤ አንዱ ያለቅሳል። እሷም ቆመች። ቆይታ ወደ ዊልፍ ተመለሰችና ካፖርቷን ከወንበሩ ላይ እያነሣች «ዊልፍ፣ ንግሥቲቱ ሞቱ እኮ» አለችው። ሳይመልስላት ሲቀር ነው ቀና ብላ ያየችው።

ከመውጣቷ በፊት እሱ ያላትን ነገር ከዚያ ወዲህ ወደ ሐሳቧ እንዲመጣ አልፈቀደችለትም። በመጣ ቁጥር ተነሥታ አንድ ነገር ታጥባለች።

ከዳቦ ቤት ስትመለስ የፊት ለፊቱን መጋረጃ ዘጋች። እናቷ ቤት ሰው ሲሞት መጋረጃው እስከ ቀብሩ አይከፈትም ነበር፤ አላፊ አግዳሚው አይቶ ድምፁን ይቀንሳል። ይህ ልማድ ከቀረ ቆይቷል። ማቪስም ለማንም ምልክት ልትሰጥ ብላ አልዘጋችውም፤ ብርሃኑን አልፈለገችውም።

ጎረቤቷ ብሬንዳ ግን ያንኑ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ሁለቱ ቤቶች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ የብሬንዳ ቴሌቪዥን ሲስቅም ሲያለቅስም ማቪስ ቤት ይሰማል። ብሬንዳ ዓይኗ አብጧል።

«መጋረጃውን አየሁት። ማቪስ፣ አንጀቴን በላሽው! እኔ እንዴት ረሳሁት? አያቴ እኮ ለንግሥቲቱ አባት ሞት ዘግታ ነበር። እኔም አሁን ዘጋሁ። ኮሊን ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ይሳደባል።»

ከውስጥ የባሏ የኮሊን ድምፅ መጣ። «አልተሳደብኩም! መነጽሬን ነው የምፈልገው!»

«ራስህ ላይ ነው!» አለችው ሳትዞር። «ዊልፍስ? እንዴት ነው?»

ማቪስ የካፖርቷን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገች። «አያማርርም» አለች።

«ጎሽ። ንግሥቲቱን ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«የሳቸውን ውሾች ማን ይወስዳቸው ይሆን? እኔ ሌላው ሁሉ ቢቀር የውሾቹ ነገር ነው ያሳሰበኝ።» ብሬንዳ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን በየትኛው መኪና እንደደረሰ፣ የትኛዋ ምራት የትኛውን የአንገት ጌጥ እንዳደረገች ነገረቻት። ማቪስ ሰማቻት። እውነቱን ለመናገር መስማቱ ደስ አላት። በዚያ ወሬ ውስጥ የዊልፍ አልጋ አልነበረም።

ከቅዳሜ ጀምሮ በመንገዱ ላይ አንድ በአንድ መጋረጃዎች ተዘጉ። ብሬንዳ ለሰው ሁሉ «ማቪስ ናት ያስጀመረችው» ስትል ከርማለች። ማቪስ ፎቅ ላይ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ቆማ አየቻቸው፤ ማዶ ያሉት ቤቶች ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ለትንሽ ጊዜ ራሷን ለማታለል ሞከረች። ለሱ ነው አለች። ማታለሉ አልሆነላትም። አንድም ሰው በሯን አላንኳኳም፤ የሚያንኳኳበትም ምክንያት አልነበረውም።

የቀብር አስፈጻሚው አቶ ሆልድሮይድ የዊልፍን ልብስ ሊቀበል መጣ። ሠርታ ያለበሰችውን የመጨረሻ ሰማያዊ ሹራብ አጥፋ ሰጠችው። ቀብሩን ዊልፍ ከሞተ በአሥራ አንደኛው ቀን ለሚውለው ሰኞ ቀጠሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ስልክ ደወለላት።

«ወይዘሮ ካሚሽ፣ በጣም ይቅርታ። ሰኞ የንግሥቲቱ ቀብር ሆነ። አገሩ በሙሉ ይዘጋል፤ የኛም ሠራተኞች አይኖሩም። ወደ ረቡዕ ብናዛውረው ይከፋዎታል?»

«ምን ይከፋኛል፤ እሳቸው ይቅደሙ። ዊልፍ እንደሆነ ማዕበል እስኪበርድ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።»

አቶ ሆልድሮይድ ሊስቅ ይገባው እንደሆነ አላወቀም። «ስንት ሰው ይመጣል ልበል?»

«እኔ።»

«ሳጥኑን የሚሸከሙለት ወዳጆች…»

«የእናንተ ሰዎች ይያዙት።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። ፋይሊ ውስጥ ዓሣ አጥማጅ በማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ሄዶ አያውቅም። ጀልባ አብረው የገፉ ሰዎች ናቸው የሚሸከሙት። ይህን እያወቀች ነው «የእናንተ ሰዎች» ያለችው። አንድ ቃል ብትናገር የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ግን ያቺን ቃል ስታስብ ያቺ ጥያቄ ተከትላት ትመጣለች። እያንዳንዱ ዝም ያለችበት ቀን ደግሞ የሚቀጥለውን ቀን አከበደባት። አሁን ብትናገር «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ይሏታል።

ሰኞ ጠዋት ብሬንዳ መጥታ ወሰደቻት። «ብቻሽን ተቀምጠሽ አታዪውም። ሳንድዊች ሠርቻለሁ። ዊልፍን ደግሞ ከሰዓት ኮሊን ወስዶሽ ታዪዋለሽ።»

ማቪስ ሄደች። የብሬንዳ ሳሎን መጋረጃው ተዘግቶ ቴሌቪዥኑ ብቻ ያበራል። ኮሊን ሠርጉ ላይ ያሰረውን ክራቫት ቢያስርም በነጠላ ጫማ ነው የተቀመጠው።

«ምናለ ጫማ ብታደርግ?» አለችው ብሬንዳ።

«አያዩኝም እኮ።»

«እኔ አይሃለሁ።»

ቴሌቪዥኑ ላይ የንግሥቲቱ ሳጥን ወጣ። ወታደሮቹ ተሸክመውት ደረጃውን ሲወጡ ብሬንዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አይ ልጆቹ! ቢወድቅባቸውስ? የዚያን ቀዩን ልጅ እናት አስቢያት፣ እንዴት ሆና ታይ ይሆን?» እንባዋ ወረደ። «የንግሥቲቱን ልጅ ፊታቸውን እዪልኝ። ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ማልቀስ እንኳ አይችሉም።»

ኮሊን ሳንድዊቹን እያኘከ «እኔ ስሞትም እንዲህ ታለቅሺልኛለሽ?» አላት።

«ቀብርህ በቴሌቪዥን ከተላለፈ።»

ኮሊን ሳቀ። ብሬንዳም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ማቪስ ልትስቅ ሞከረች፤ አልቻለችም። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በዚሁ መሐል ጡሩምባው ተነፋና አገሩ በሙሉ ጸጥ የሚልበት ሰዓት ደረሰ። ኮሊን በነጠላ ጫማው ተነሥቶ ቆመ። ከመንገድም መኪና አይሰማም። ማቪስ በዚያ ጸጥታ ውስጥ አለቀሰች፤ ሐሙስ ማታ ያላለቀሰችውን፣ እስከ ዛሬም የያዘችውን።

ጸጥታው ሲያበቃ ብሬንዳ እጇን ያዘች። «አውቃለሁ የኔ ፍቅር። አውቃለሁ።»

«አታውቂም» አለች ማቪስ።

«እንዴት አላውቅም፣ እኔም እኮ…»

«ብሬንዳ፣ ዊልፍ ሞቷል።»

ኮሊን የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋው።

«መቼ?» አለች ብሬንዳ። «ዛሬ ጠዋት? ደወሉልሽ?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ ለት እኮ አይቼሻለሁ፣ ቆሻሻ ስታወጪ…»

«ያን ሐሙስ። የሳቸው ዕለት።»

ብሬንዳ የማቪስን ካፖርት አየች። ከዚያ መጋረጃውን አየች። ፊቷ ቀስ እያለ ቀላ። «እግዚአብሔር ይይልኝ» አለች፤ «እኔ ሳምንቱን ሙሉ ለንደን ለቅሶ ስደርስ፣ ከግድግዳዬ ማዶ… እንዴት አትነግሪኝም? ጠላትሽ ነኝ?»

«እያለቀስሽ ነበር» አለች ማቪስ። «ላቋርጥሽ አልፈለግሁም።»

ይህን ስትሰማ ብሬንዳ ተቆጣች። እውነተኛ ቁጣ ነበር። «ላቋርጥሽ! ስልክ ላይ ነበርኩ እንዴ?» ድምፅ በሌለው ቴሌቪዥን ላይ ፈረሶች ያልፉ ነበር። ከዚያ ቁጣዋ በረደና ማቪስ የፈራችው መጣ። ብሬንዳ ጠጋ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አጠገቡ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም። ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። ስመለስ ሄዷል።»

ብሬንዳ «ምንም አይደለም» አላለችም። «አይዞሽ»ም አላለችም። እጇን አልለቀቀችም። ከዚያ ብሬንዳ እንደ ልማዷ መጠየቅ ጀመረች።

«ምን በላ መጨረሻ ላይ?»

«ካስተርድ። ሁለት ማንኪያ። ቀዝቃዛ ነው ብሎ ተወው።»

«የትኛውን ፒጃማ ነበር ያደረገው?»

«ግራጫውን። ቁልፉ የተበጠሰውን።»

«ተላጭቶ ነበር?»

«እኔ ነኝ የላጨሁት። አገጩ ላይ ቆረጥኩት፤ ሸርጣን ስትቆርጪ ይሻልሻል አለኝ።»

ኮሊን ወደ መስኮቱ ዞረ። ብሬንዳ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሰዎች ስትጠይቅ እንደምታደርገው ወደ ፊት አዘንብላለች፤ አንዲት ነገር እንዳታመልጣት። ማቪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የዊልፍን ሞት ማወቅ የሚፈልግ ሰው እንዳገኘች ተሰማት፤ ሁሉንም፣ ከነቁልፉ።

«መጨረሻ የተናገረውስ?»

ማቪስ ዓይኗን ጨፈነች። የምታጥበው ነገር አጠገቧ አልነበረም።

«ኮሪደሩ ላይ ሩጫ ሲሰማ ተነሥቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አየኝ። ‹ሂጂ ዘመዶችሽን እዪ› አለኝ። ‹እኔ የትም አልሄድም።›»

ብሬንዳ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቋም ለቅሶዋም አብሮ መጣ። «ይሄ ዊልፍ ነው። ይሄ ራሱ ዊልፍ ነው። ውሸታም!»

«ዋሽቶኝ አያውቅም ነበር» አለች ማቪስ።

«ልኮሽ ነው የሄድሽ እንግዲህ።»

ማቪስ ቃሉን በሐሳቧ አገላበጠችው። ላከኝ ማለት ይቻል ይሆን? ይህን ቁጭ ብላ አስባው አታውቅም፤ ብቻዋን ልታስበው አልቻለችም ነበር። አሁንም እርግጠኛ አልሆነችም።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አለ ኮሊን ከመስኮቱ ሳይዞር።

«ረቡዕ።»

«ማን ይሸከመዋል?»

«የአቶ ሆልድሮይድ ሰዎች» አለች ማቪስ። ብሬንዳ ተነሥታ ስልኩን አነሣች። «ለቶም ጄንኪንሰን እደውላለሁ። ከዊልፍ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ጀልባ የሠራ ሰው ተቀምጦ እንግዳ ይሸከመዋል? እኔ እነግረዋለሁ፣ አንቺ አትድከሚ።»

«የለም» አለች ማቪስ። እጇን ዘረጋች። «ወዲህ አምጪው።»

ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ጠራ። ቶም ሲያነሣ ከኋላው የሱም ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር።

«ማቪስ? ታያለሽ አይደል? ጉድ እኮ ነው ሰዉ…»

«ቶም፣ ላቋርጥህ» አለች። «ዊልፍ ሞቷል። አጠገቡ አልነበርኩም። ረቡዕ እንቀብረዋለን፤ አንተ ሳጥኑን ከፊት ትይዝልኛለህ።»