የተቆረጠው የጓንት ጫፍ

ጣቴ ብለን ነው የምንጠራት። የጥርስ ክሊኒካችን ረዳት ናት፤ ከዶክተሩ ጎን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆማለች። እኔ በሩ አጠገብ ካርድ ስለማወጣ ማን ስቆ እንደገባ፣ ማን አልቅሶ እንደወጣ ከእኔ የሚሰወር የለም። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠርቶ ሲመጣ ጠርዙ ድድ እንዳይቧጭር መፈተሽ አለበት። እሷ የምትፈትሸው በግራ እጇ ሌባ ጣት ነው፣ ያውም በባዶው። ጠዋት ጓንቷን ታጠልቅና የዚያን ጣት ጫፍ በመቀስ ቀጭ ታደርገዋለች።

ዶክተሩ ሲቆጣት፣ "ጓንት ለብሼማ ምኑን አውቀዋለሁ?" ትላለች። በማግሥቱ መቀሱ እንደገና ቀጭ ይላል። እኔም እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ፤ ስቄ ዝም ማለቴ መቀሱን የማቀበል ያህል ነበር።

አንድ ሐሙስ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መጡ። ቅዳሜ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ የላይኛው ጥርሳቸው ተሠርቶ ደርሷል። ከንፈራቸው ጥግ ላይ ግን፣ ሰው ምች መታኝ ሲል የሚያሳየው ዓይነት ውሃ የቋጠረ ቁስል አለ። በእኛ ቤት ደንብ እንዲህ ያለ ሰው፣ የሚያጣድፍ ሕመም ከሌለበት፣ ቁስሉ እስኪድን ይቀጠራል።

"በባዶ ድዴ ልዳራት እንዴ?" አሉ ሰውዬው።

ጣቴ አንጀቷ አልቻለም፤ ዶክተሩን ለመነችላቸው። እሱም "አዲስ ጓንት አድርጊ፣ ቁስሉን እንዳትነኪ" ብሎ ተስማማ። አዲስ ጓንት አደረገች። ከዚያም ቀጭ። አፋቸው ውስጥ ጠርዙን ከዳሰሰችበት ጣቷ ጥፍር ጥግ በዚያ ሰሞን ትንሽ ቆዳ ተልጦ ነበር፤ ልብ ያለው ግን የለም።

በአምስተኛው ቀን ጣቷ ቀላ፣ አበጠ፣ ይጠዘጥዛት ጀመር። ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ነገሮችም ወጡበት። መግል ነው ብላ ፕላስተር ለጠፈችበትና ሥራዋን ቀጠለች።

እሑድ ታናሽ እህቷ ቤት ሄደች። የእህቷ ልጅ ዘጠኝ ወሩ ነው፤ ለሃጩ አላቆም ብሏል። በዚያ ቤተሰብ ጥርስ አዋቂ ደግሞ እሷ ናት።

"ነይ እስቲ፣ ጥርስ ይሆን እንዴ?" አለች እህቷ።

በቀኝ እጇ መንካት ትችል ነበር። ግን የምታምነው ያንኑ ጣቷን ነው። ፕላስተሩን ላጠች፣ በሳሙና ደህና አድርጋ ታጠበችና የልጁን ድድ ዳሰሰች። "መጣ! የሩዝ ጫፍ ታክላለች!" ስትል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የእህቷ አማት፣ የልጁ አያት፣ ከደስታቸው ብዛት አፉን ሳሙት።

ቅዳሜ ልጁ ተኮሰ። ድዱ አብጦ ይደማል፣ ምላሱና ከንፈሩ ቆሳስሏል፣ ጡት ሲሰጡት ይጮሃል። የሕፃናት ሐኪሟ አየችውና፣ "ቫይረስ ነው። ሰው ከንፈር ላይ ከሚወጣው ጋር አንድ ነው። አፉን የሳመው ማን ነው?" አለች።

ሁሉም ወደ አያትየው ዞረ። እሳቸውም የዋህ ናቸው፤ "ድሮ ይወጣብኝ ነበር" ብለው አመኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ማቀፍ ተከለከሉ። እየመጡ በሩ ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ከሩቅ ያዩታል።

ሰኞ ዶክተሩ የጣቴን ፕላስተር አስፈታት።

"ይሄ መግል አይደለም" አላት። "ይሄ የልብስ ሰፊው ከንፈር ነው። እንዳትበጪው፣ ከማንም አፍ አታስጠጊው።"

"ሕፃን አፍ ውስጥ ቢገባስ፣ ዶክተር?"

"መጀመሪያ ሲይዘው አፉን ያቆስለዋል፣ ያተኩሰዋል። ቁስሉ ይድናል። ቫይረሱ ግን አይወጣም፤ ነርቭ ሥር ተኝቶ አብሮት ያረጃል። አንዳንዴ ይነሳል።"

"ድሮ ከንፈሩ ላይ ይወጣበት የነበረ ሰውስ? አሁን ምንም ቁስል ባይኖረው?"

"እሱም ሊያስተላልፍ ይችላል። ከማን እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።"

ይቺን "አይቻልም" ሙጭጭ ብላ ያዘቻት። ልጁ ዳነ፣ ማንኪያ በጥርሱ መንከስ ጀመረ። እሷ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ምግብ አልዋጥልሽ አላት። ነገ እናገራለሁ ትላለች፤ ነገ ሲደርስ ደግሞ፣ ድኗል፣ ምን አስቆፈረኝ ትላለች። እኔ የወር ደመወዝ ያስጨነቃት መስሎኝ እቀልድባት ነበር።

እውነቱን የነገረችኝ ከሌላ እሑድ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ መቀሱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ነው። በዚያ እሑድ እህቷ ቤት ስትገባ አያትየው በሩ ሥር እንደተቀመጡ እጇን ያዟት።

"አንቺ የሕክምና ሰው ነሽ፣ ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እንደው ስንት ቀን ብታገሥ ነው የማቅፈው? አፌን ጠዋትና ማታ በጨው ውሃ እየታጠብኩ ነው። ይበቃ ይሆን?"

የያዙት ያንኑ እጇን ነበር። ጣቴ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"እማማ፣ በእርስዎ አይደለም። በእኔ ጣት ነው።"

እህቷ ልጇን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። "ምን አልሽ?"

ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ልብስ ሰፊውን፣ መቀሱን፣ ፕላስተሩን፣ ሦስቱን ሳምንት። እህቷ ሳትጮህ ሰማቻት። መጮህ ይሻል ነበር ትላለች ጣቴ።

"ጣትሽስ አላወቀም" አለች እህቷ በመጨረሻ። "እኚህ ሴትዮ ግን በሩ ሥር ተቀምጠው እያየሻቸው ሦስት ሳምንት እንዴት ቻልሽ?"

እህቷ ልጁን ወስዳ በአያቱ ጭን ላይ አስቀመጠችው፤ ተንበርክካም ይቅርታ ጠየቀቻቸው። አያትየው ልጁን እቅፍ አድርገው ተንሰቀሰቁ። ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዙረዋል፤ ሻሹንም ከአፋቸው አላወረዱም።

"አሁን እኮ እርስዎ እንዳልሆኑ ታውቋል፣ እማማ። ይሳሙት እንጂ" አለች እህቷ።

"ይቅር፣ ልጄ" አሉ። "እኔም ራሴን ማመን አቁሜያለሁ።"