ጧሪ ያላቸው ሰው

በ2015 ዓ.ም. በጋ ነው፤ ማሽላው ተወቅቶ ካበቃ በኋላ። ቀበሌያችን ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን መርጦ በነፃ ሊያሳክም ነው ተባለ። እኔም ፈጣሪዬን አመስግኜ ሽማግሌውን ይዤ ሄድኩ።

ሽማግሌው ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ ሰው ናቸው። ባለቤቴ የሞተው ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሰሊጡ ደርሶ ሳለ ነበር። የደረሰ ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል። ሌሎቹ ሠራተኞች የተሻለ ወደሚከፍል ሲሄዱ እሳቸው ቀሩ። አጭደው፣ ነዶውን አስረው አቆሙልኝ። ልጆቼ በዚያ አደጉ። እሳቸው አገራቸው የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረምና ከግቢዬ ጥግ ጎጆ ሠርተው ከረሙ፤ እዚያው አረጁ። አሁን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ገንዳ ውሃ ከተማ ያለው ሐኪም ጎንደር ሄደው ቢገፈፍላቸው ያያሉ ብሎናል። እኔ ደግሞ ማሳከሚያ የለኝም።

ኮሚቴው ከቀበሌው ደጅ፣ ከዳሱ ሥር ተቀምጧል። ሰብሳቢው የእድራችንም ዳኛ ናቸው።

«አባት፣ የሚጦርዎት ሰው አለ?» አሏቸው።

«ከላይ እሱ አለ። ከታች ማንም የለኝ።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ አምና እድር ስታስገቢያቸው አባቴ ናቸው ብለሽን አልነበር?»

ብያለሁ። እድራችን የሚቀብረው የአባልን ቤተሰብ ብቻ ነው። እንዲህ አገር ጥለው የወረዱ ሰው ሲሞቱ ቀባሪ እንዳያጡ ፈርቼ ነበር። ያን ጊዜ ስናገር የዋሸሁ አልመሰለኝም።

«ታዲያ አባትሽ ናቸው አይደሉም?»

ናቸው ብል ዓይናቸው ሊጠፋ ነው። አይደሉም እንዳልል አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ። የቱ እውነት፣ የቱ ውሸት እንደሆነ ጠፋኝ።

«ኧረ ቁመታቸውን እዩት!» አለች ከኋላዬ የተቀመጠች ጎረቤቴ። «እሳቸው ቤቱን ጎንበስ ብለው ይገባሉ፤ እሷ ዘላም ጣራውን አትነካ! የት ነው የወለዷት?»

ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌው ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ «አሠሪዬ ነች። እንጀራዋን በጉልበቴ ነው የምበላ» አሉ።

ለእኔ ብለው እንደተናገሩ ገባኝ። ግን ልቤን ወጋኝ። ለምን እንደወጋኝ አላውቅም፤ እኔ መናገር ያቃተኝን እኮ ነው የተናገሩልኝ።

ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክፉ ሰው አታድርጉኝ። እድር ላይ አባቷ ናቸው ብዬ፣ እዚህ መጥቼ ጧሪ የላቸውም ልበል? ከእድሩ ይውጡና እመርጣቸዋለሁ። እስከ ነገ አስቡበት።»

እጃቸውን ይዤ ስንመለስ፣ «ምን ይሻላል አባባ?» አልኳቸው።

«ዓይኔ ይቅደም ልጄ።»

«ድንገት አንድ ነገር ቢሆኑስ?»

«ያን ጊዜማ የሚቸገሩት ቋሚዎቹ ናቸው፤ እኔ ምን ጨነቀኝ!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ከአፌ አላለፈም።

ማታ ለጸሎት ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምለምን ግን አላወቅሁም። ስላበላኋቸው ጧሪ ሆንኩ፤ ጧሪ ስለሆንኩ ሕክምና አጡ። ባላበላቸው ኖሮ ይታከሙ ነበር ማለት ነው? ይህ እስከ ዛሬም አልገባኝም። እሳቸውን የሰጠኝን አምላክ ግን አላማርርም።

ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ስሜ ወደ እድር ዳኛው ቤት ሄድኩ።

«ያውጡልኝ» አልኳቸው።

«በመካከሉ አንድ ነገር ቢመጣስ?»

«ራሴ እቀብራቸዋለሁ።»

ከዚያ ተመልሼ የአባቴን ቁርስ አቀረብኩ።