ከላይ የጾም፣ ከታች የፍስክ

የበደለችኝ የወንድሜ ሚስት ናት። የበደለችኝም ወንድሜ በሞተ በዓመቱ፣ በዐቢይ ጾም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ስሟን አልጽፍም። የሚያውቋት ያውቋታል፤ የማያውቋት ባያውቋት አይጎዱም።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያመጣኝ ልጆቹን እንዳሳድግለት ነበር። እሱ ታክሲ ሲነዳ፣ እሷ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ የማታ ሺፍት ስትሠራ፣ ልጆቹ በእኔ እጅ አደጉ። ዌስት ሴንት ፖል ያለውን ቤት ሲገዛ ከሥር ያለውን ቤዝመንት ለእኔ መኖሪያ አድርጎ አሠራልኝ። ልጆቹ አድገው ወጡ። ከዚያ ወንድሜ ሞተ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

እሱ ከሞተ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ የእኔ የሚባል ሥራ አንድ ብቻ ቀረ፤ ሪሳይክል የሚሆነውን፣ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ባዶ ዕቃ አዘጋጅቶ፣ ማጠራቀሚያ ቢኑን ሐሙስ ጠዋት መንገድ ዳር ማውጣት። ሌላ የምሄድበት ቤት አልነበረኝም። ስለዚህ ቢኑ ደህና ሆኖ እስከወጣ ድረስ «ይቺ ሴትዮ እዚህ ምን ትሠራለች?» የሚል አይመጣም ብዬ አሰብኩ። ያንን ይዤ ነበር የምኖረው።

ረቡዕ ከሰዓት ጋራዥ ውስጥ እቀመጣለሁ። የቲማቲሙን ቆርቆሮ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባለሁ። ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል ይላሉ፤ እኔ ግን እንግዳ የሚጠጣበት ይመስል ነበር የማጥበው። የካርቶኑን ቴፕ እልጣለሁ፣ ጎኑን በቢላ ቀድጄ ጠፍጣፋ አደርገዋለሁ። ጋራዡ አይሞቅም። ጣቶቼ አልታጠፍ ሲሉኝ ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቃቸውና እንደገና እጀምራለሁ። ቢኑ በረዶ ክምር ላይ ከቆመ የሰብሳቢዎቹ ትራክ ስለማያነሳው፣ ሐሙስ ማለዳ አካፋ ይዤ ቦታውን እጠርጋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ። አንድ ጥፋት እንዳይገኝብኝ።

መጀመሪያ ላይ ያጠብኩትን ሁሉ እንጀራ የሚሸጥበት ላስቲክ ውስጥ እየከተትኩ፣ አፉን አስሬ ነበር ቢኑ ውስጥ የማስቀምጠው። ሰው የበላው ለመንገደኛ አይታይም፤ ያደግሁት እንዲህ ነው። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። የወንድሜ ሚስት በቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር ሴቶች ዘንድ ጾመኛ ተብላ የምትከበር ናት። በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ አትቀምስም ይሏታል። ቤት ውስጥ ግን እንቁላል ትጠብሳለች፣ ወተት ትጠጣለች። ሌሊቱን ቆማ አድራ የምትገባ ሰው ናት፤ ብትበላ ፈራጁ እኔ አይደለሁም። ዕቃውን የማጥበው ግን እኔ ነኝ። አጥቤ፣ አስሬ፣ ደብቄ ነበር የማወጣላት። አንድም ቀን ስለዚህ አልተነጋገርንም።

አንድ ሐሙስ ትራኩ የእኛን ቢን ሳያነሳ አለፈ። ክዳኑ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ የታሰረ ፌስታል ሥዕል፣ በላዩ ላይ ቀይ መስመር። እሷ ከሥራ ስትገባ መኪናዋን ሳታጠፋ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ ምን አድርገውበት ነው?»

«በላስቲክ አይታሰር ነው መሰለኝ የሚሉት።»

«ታዲያ ማን እሰሩት አለዎት? ሰፈሩ ሁሉ ሲያልፍ ሲያገድም የእኛን ቢን ብቻ ቆሞ ያየዋል። ይህቺ አንዲት ነገር ታቅታችሁ!»

«ታቅታችሁ» ያለችው እኔን ብቻ ነው። ያቺ ቃል ክፍሌ ድረስ ተከተለችኝ። አንዲቷም ሥራ ካቃተችኝ ምን ይቀረኛል? ቢኑ እንደገና እስከሚወጣበት ሐሙስ ድረስ እህል አልወርድ አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉንም ሳላስር፣ እንደ ሕጉ፣ ልቅ አድርጌ አስገባሁ። የወተቱን ፕላስቲክ ከሥር፣ የሽምብራውን ቆርቆሮ ከላይ።

ነፋስ የሚነፍስበት ጠዋት ነበር። አውጥቼ ጀርባዬን እንዳዞርኩ ቢኑ ተገለበጠና ያለው ሁሉ መንገዱ ላይ ተዘረገፈ። በዚያው ሰዓት ከእኛ ቤት ወረድ ብላ የምትኖር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ፣ ለስኳሯ ብላ ጠዋት ጠዋት በእግሯ የምትዞር ሴት ደረሰች።

«እንዴት አደሩ እትዬ? ምነው፣ ቢናችሁ ጠጥቶ ነው ያደረው?»

«ተዪው፣ እኔ እለቅመዋለሁ።»

እሷ ግን ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች። የእንቁላሉን ካርቶን አንስታ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ውይ! እናንተ ቤት ዶሮዎቹ አይጾሙም እንዴ?»

«ልጅቷ ከኤደን ፕሬሪ መጥታ ነው» አልኳት። የወንድሜ ሴት ልጅ ከገና ወዲህ አልመጣችም ነበር።

«አንዲት ልጅ ይህን ሁሉ ወተት? ያሳድጋት!» ብላ እየሳቀች ሄደች።

እኔ ያን ቀን የወንድሜን ሚስት ሸፍኛት ነበር። ይህን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

እሑድ ቆረብኩ። ከቅዳሴ በኋላ ከአዳራሹ ጥግ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ተቀመጥኩ። ያቺ ጎረቤት ከሴቶቹ መሃል ሆና «እናንተ ቤት ፋሲካ ቀድሞ ገብቷል አሉ» ብላ የወንድሜን ሚስት ነካ አደረገቻት። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ዐይኗን እንኳ አልሰበረችም።

«ለእትዬ ነው እኮ። ሐኪም ነው ያዘዘላቸው፣ አቅም የላቸውም። እኔማ ጾሜን ይዤ ስጠብስላቸው ሽታው ነው ራሴን የሚያዞረኝ።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። የዚያን ዕለት መቁረቤን ሁሉም አይተዋል። እንቁላል በልታ፣ ወተት ጠጥታ ቆረበች ማለት ነው። አንዷ «እግዜር ይማርዎ፣ ምስኪን» አለችኝ። ሌላዋ ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብላ «የነፍስ አባትዎ ያውቃሉ?» አለች። የወንድሜ ሚስት የሽሮ ሳህኗን ይዛ ቆማ ነበር፤ ትክክል ዐይን ዐይኔን እያየች ትጎርሳለች።

የቆረበ ሰው አይናገርም ብለው ዝምታዬን ለቁርባኑ ሰጡት። አፌን የዘጋው ግን ቁርባኑ አልነበረም፤ ቤዝመንቱ ነው። «የምትበላው ራሷ ናት» ብል የዚያን ዕለት የት ነው የማድረው?

በመኪናዋ ወደ ቤት ስንመለስ ሮበርት ስትሪት ላይ መብራት ያዘን። እዚያ አልቻልኩም።

«ምነው እንዲህ ታደርጊኛለሽ?»

«እርስዎ ምን ይጎድልብዎታል? ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይፈቀድልዎታል። እኔ ከሰው ጋር ነው የምኖረው።»

«እኔስ ከማን ጋር ነው የምኖረው?»

«ከእኔ ጋር» አለችና መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ነዳች።

ከዚያ በኋላ ይባስ ብዬ ተጠነቀቅሁ። የእንቁላሉን ካርቶን በመቀስ ከትፌ የማካሮኒ ካርቶን ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ። የወተቱን ፕላስቲክ ቆሜበት አደቅቀዋለሁ። ከላይ የምስሩንና የቲማቲሙን ቆርቆሮ እደረድራለሁ። ቢኑ ከላይ ሁዳዴ፣ ከታች ፋሲካ ሆኖ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ወጣ። ስሜን ያጠፋችበትን ዕቃ በገዛ እጄ ስደብቅላት ከረምኩ። ታየኛለች ብዬ ነበር። ይቺ ሴት ለእኔ ትደክማለች፣ ትቀመጥ ትላለች ብዬ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት ወደ ቤዝመንት ወረደች። ደረጃው ላይ ቆመች እንጂ ወደ ክፍሌ አልገባችም።

«እትዬ፣ እማዬ ቪዛ አግኝታለች። ደረጃ መውጣት አይሆንላትም፣ በጓሮው በር አስገብቼ እዚህ ነው የማሳርፋት።»

«እንኳን ደስ አለሽ። አብረን እንሆናለን፣ አልጋ ይበቃናል።»

«እሷ ከሰው ጋር መኖር አልለመደችም።»

«ሳሎን ሶፋው ላይ እተኛለሁ። ቀን ቀን አጥፌ አነሳዋለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ጋራዥ እቆያለሁ።»

«እንዴት እንዲህ ይላሉ? ለእርስዎ የሚሆን የሽማግሌዎች ሕንፃ አለ እኮ፣ ሰው ጠይቄልዎታለሁ።»

ልመናዬ አልቆ ነበር። «ቢኑንስ ማን ያወጣልሻል?» አልኳት።

ሳቀች። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ እውነት አስቋት ነው። «እትዬ፣ ቢን ማውጣት እኮ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው» አለች።

በማግስቱ ልጅቷ ጋ ደወልኩ፤ ጀርባዬ ላይ ያደገች ልጅ ናት። በአማርኛ ለመንኳት። በእናንተ መሃል አልገባም፣ እማማ አሁን ብዙ ጭንቀት አለባት፣ ብላ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። አይዞሽ የሚል ቃል በሁለቱም ቋንቋ አላወጣችም። ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባቷ በሕይወት ቢኖር ብዬ ጀመርኩና ተውኩት፤ የለም።

ልብሴን በሁለት ሻንጣ ይዤ ወጣሁ። ተራዬ እስኪደርስ አንዲት በደንብ የማላውቃት ሴት ሳሎን ውስጥ ከረምኩ፤ ከዚያ ሴንት ሉዊስ ፓርክ አንድ ክፍል ተሰጠኝ። ቤተ ክርስቲያን ቀየርኩ። የነፍስ አባቴን ግን አልቀየርኩም፤ እሳቸው እውነቱን ያውቃሉ።

የወንድሜ ሚስት እናት ቤዝመንቱ ውስጥ ብዙም ሳትኖር ሞተች። ከማኅበሩ ሴቶች ሁለቱ ደውለው «እናደርስዎታለን፣ ይዘጋጁ» አሉኝ። አልሄድም አልኳቸው። ለቅሶ አልደረስኩም። ስልክም አልደወልኩላትም።