ጋቢ ይዤ ወደ ሲሸልስ

ሊዝ ደብረ ማርቆስ ልትመጣ ነው። ትናንት መልእክቷን ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ሳነብ፣ ከደስታዬ ብዛት ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር። ሊዝ ማን እንደሆነች ለማስረዳት ያለፈውን ክረምት ማውራት አለብኝ። እሱን ክረምት ሳስብ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ።

የትምህርት ቤታችን የቱሪዝም ክበብ ባዘጋጀው ውድድር አሸንፌ፣ ከመምህርት ሐና ጋር ወደ ሲሸልስ ዋና ከተማ ወደ ቪክቶሪያ እንድሄድ ተመረጥኩ። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ከተማቸው የሚናገሩበት ስብሰባ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። ማርቆስን ወክዬ ሄጄ አፌን ሳልከፍት ብመለስስ? ጭንቀቴ ይኸው ነበር።

እናቴን የጨነቃት ሌላ ነው። ሻንጣዬን ከፍታ ጋቢ ከተተችበት።

"እማዬ፣ እዚያ እኮ ሙቀት ነው።"

"ዙሪያውን ውሃ ነው አላልሽም? ውሃ ባለበት ብርድ አይጠፋም። ያዢ ብያለሁ።"

ወንድሜ "ቄስ ገበዝ መጡ ይሉሻል" እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

ከአውሮፕላን ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ቪክቶሪያ ትንሽ ናት፤ በእግር ዞሮ መጨረስ ይቻላል። መሃሏ ላይ ብርማ ቀለም የተቀባች የሰዓት ማማ አለች፤ ሰው ሁሉ አጠገቧ ፎቶ ይነሳል። ገበያው ውስጥ ዓሣና ቀረፋ ጎን ለጎን ይሸጣል። የእጽዋት መናፈሻው ውስጥ ደግሞ ጥጃ የሚያክሉ ኤሊዎች አሉ። አንዱን ቅጠል ሳጎርሰው ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ።

በሄድኩበት ሁሉ ጋቢዋ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። እናቴ ጠዋት ጠዋት እየደወለች "ይዘሻታል?" ትለኛለች፤ እሷን መዋሸት አልችልም። ከተማዋን የምታስጎበኘን የደሴቷ ልጅ ሊዝ፣ ጋቢዋን አየችና "እንቅልፍ ቢመጣብሽ ብለሽ ነው?" ብላ ቀለደችብኝ።

የንግግሩ ቀን አዳራሽ ገባን። የአየር ማቀዝቀዣውን ለቀውት ኖሮ ብርዱ የጮቄን ተራራ ያስንቃል። ስስ ሸሚዝ የለበሰው ሁሉ ክንዱን ያሻል። ጋቢዬን አውጥቼ ደረብኩ። ሊዝ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ጠጋ አለችኝና ግማሹን አለበስኳት። እኛ አገር ጎኑ ያለው ሰው እየበረደው ጋቢውን ብቻውን የሚለብስ የለም።

ስሜ ተጠራ። የወንበሩን ጠርዝ ጨብጬ ተቀመጥኩ። ሊዝ አየት አደረገችኝና "ተነሽ፣ እኔም አለሁ" ብላ፣ እንደተጠቀለልን መድረኩ ላይ ጎትታ አወጣችኝ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ያጠናሁትን ትቼ እናቴ ጋቢዋን ለምን እንዳስያዘችኝ ነገርኳቸው። ጥጡን ራሷ እንደፈተለችው፣ ማርቆስ ሐምሌ ላይ ጉሙ መንገዱን እንደሚሸፍነው፣ እንግዳ ሲበርደው ከትከሻችን አውርደን እንደምንደርብለት አወራሁ። እንግሊዝኛዬ እዚህም እዚያም ተሰባበረ፤ ማንም ግድ አልሰጠውም። ስጨርስ ቆመው አጨበጨቡልኝ። በመዝጊያው ቀንም ከሁሉም ንግግር የእኔ አንደኛ ተባለ። መምህርት ሐና መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጋቢዋን ለሊዝ ሰጥቻት መጣሁ። ይህን ለእናቴ ስነግራት "አላልኩሽም?" አለችኝ።

የትናንቱ መልእክት እንዲህ ይላል፦ "በሐምሌ ከአባቴ ጋር እመጣለሁ። ጋቢዋንም እይዛለሁ።"

ዘንድሮ አስጎብኚዋ እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት መናገርም አልፈራም። ማርቆስ ያላችሁ ወይም በማርቆስ የምታልፉ አንባቢዎች፣ በሐምሌ በአንድ ጋቢ የተጠቀለሉ ሁለት ልጆች አደባባዩ ላይ ካያችሁ እኛ ነን። ኑና አብራችሁን ዙሩ። ጋቢ ግን የየራሳችሁን ያዙ፤ የእኛዋ ከሁለት ሰው በላይ አትበቃም።