ለመርቆሬዎስ ያስገባሁት ጥላ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን፤ እሳቸው የወልዴም ነፍስ አባት ናቸዋ። አንተ ግን አታውቀኝምና ስማኝ። ሰው የሰበርኩ እኔ ነኝ፤ ያውም በሰማዕት ስም።

እዚህ ቡታጅራ የመርቆሬዎስ ጽዋ ማኅበር አለን። ሙሴው፣ መሪው ማለት ነው፣ ለብዙ ዘመን እኔ ነበርኩ። አንድ ወር ላይ ጎረቤቴ ወልዴ በሰው ፊት፣ «ሙሴያችን የሁላችንንም ድርሻ ጠጥቶ ነው የሚመርቀን» አለ። ማኅበርተኛው ሳቀ፤ በሳቁ መሃል ሹመቴ ለወልዴ ዞረ። እውነቱን መናገሩ ነው የባሰ ያንገበገበኝ።

መርቆሬዎስ ስለ ክርስቶስ አንገቱን የሰጠ ወታደር ነው። ከሞተ በኋላ ግን ከሥዕሉ ወጥቶ ከሃዲውን ንጉሥ ኡልያኖስን ወግቶ፣ ጦሩ ደም እንደነካ ተመልሷል ይላሉ። እኔም ሥዕሉ ፊት ቆሜ፣ «ወልዴንም አንዴ ውጋልኝ፤ ጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ኡልያኖስ ክርስቲያን ፈጀ። ወልዴ ምን አደረገ? በአጠጣጤ ቀለደ።

ሰማዕቱ ዘገየብኝ። ክረምቱ ሲገባ ወልዴ የሚያፈስ ጣሪያውን ሊጠግን መሰላል ሊዋሰኝ መጣ። የላይኛው እርከን መሰንጠቁን አውቅ ነበር።

«ይችለኛል?» አለኝ።

«እኔን የቻለ አንተን ያቅተዋል?» አልኩት።

ጦሩ የሰማዕቱ ነው እያልኩ፣ መሰላሉን እኔ አቀበልኩት። እኔ፣ በዚህ እጄ። ዳሌው ተሰበረ። ልዋሽህ? የዚያን ዕለት ጠላው ጣፈጠኝ።

ኅዳር ሃያ አምስት፣ በንግሡ ቀን፣ ጥላውን በእልልታ አስገባሁ። ወልዴ በባጃጅ መጥቶ፣ በክራንች ቆሞ፣ «የምን ስለት ነው?» ሲለኝ፣ «አንተን ስላተረፈልኝ» አልኩት። አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። ይህን ምላስ ምን ላድርገው?

ይኸው እስከ ዛሬ፣ ማኅበር በተቀመጥን ቁጥር እያነከሰ ይነሳና፣ «ወንድሜ፣ ያደረግህልኝን መርቆሬዎስ እጥፍ አድርጎ ይክፈልህ» ብሎ ይመርቀኛል። ሰዉ ሁሉ አሜን ይላል። እኔስ ዝም ልል ነው? ከሁሉ አስበልጬ አሜን እላለሁ።

ዘንድሮ የእኔም ጣሪያ ያፈሳል። አዲስ መሰላል አሠርቻለሁ፤ ግን ወጥቼ አልደፍነውም፤ ባልዲ ደቅኜ ቁጭ ብያለሁ። ወልዴ፣ ይህን የሚያነብልህ ሰው ካለ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ያን ምርቃትህን ብቻ አትድገምብኝ። ሰማዕቱ እንደሆነ የዘገየ እንጂ የረሳ አይመስለኝም።