ለወንድሜ ሰርግ የጠመቅኩት ቀይ ጠላ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ድሬ ከቀፊራ ገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጭኗ ላይ ፌስታል ይዛ ነበር። ቀትር ነው፤ ፀሐይዋ የባጃጁን ሸራ ዘልቃ አናት ታቃጥላለች። ሴትየዋ ፌስታሉን ፈታ አደረገችና የደረቀ የጌሾ ቅጠል ቆንጠር አድርጋ በመዳፏ አሸችው። ሽታው እኔም ጋ ደረሰ፤ የታጨደ ሣር የመሰለ፣ ከሥሩ መረር የሚል፣ ምራቅ የሚያስውጥ። ከዚራ ላይ መውረጃዬን አለፍኩት። ሾፌሩ «እህት፣ እዚህ ጋ አይደል ያልሽኝ?» ሲለኝ ነው የባነንኩት። ወርጄ በዛፎቹ ጥላ ወደ ኋላ ስመለስ አእምሮዬ የሄደው ወደ እናቴ ነበር፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ወዳሳለፍነው ወደዚያ ሞቃት ሚያዝያ።

ወዳጄ፣ እናቴን ስለማታውቂያት ልንገርሽ። ጠላ ጠማቂ ነበረች፤ ለገበያ ግን አልነበረም። በሰፈራችን ሰርግ ሲደገስ፣ ክርስትና ሲነሳ፣ ማኅበር ሲደርስ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኛ በር ነው። መስፈሪያ የሚባል ነገር አታውቅም። የጋኑን ክዳን ገለጥ ታደርጋለች፣ ጎንበስ ብላ በረጅሙ ትስባለች፣ ከዚያ «ዛሬ ውሃዋን ትፈልጋለች» ወይም «ተዉአት፣ ገና ናት» ትላለች። እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት «አፍንጫ የተሰጠን መነጽር ልናስቀምጥበት ነው እንዴ?» ብላ ትስቅብኝ ነበር።

ከዚያ ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ የሚሄድበት የበሽታ ጊዜ መጣ። እናቴ ሁለት ሳምንት ተኝታ ተነሳች። ተመስገን ብለን ሳንጨርስ አንድ ጠዋት ጓሮ የጠላ ገብስ ለመቁላት ብረት ምጣድ ጣደች። እኔ ውስጥ ልብስ እየተኮስኩ ነው። ድንገት የጎረቤታችን ጩኸት በግንቡ ላይ ተሰማ። ጎረቤታችን ቀፊራ እህል የምትሸጥ ሙስሊም ሴት ናት፤ አማርኛዋ ውስጥ ኦሮምኛውም ሱማሊኛውም ይገባበታል፣ ሰውን ሁሉ «ናያ» ብላ ነው የምትጠራው፤ ከእናቴ ጋር ሃያ ዓመት እንደ እህት ኖረዋል።

«ናያ! ኧረ ቤቱ ነደደ አቦ! እናንተ ሴቶች አፍንጫ የላችሁም እንዴ?»

ሮጬ ስወጣ ጓሮው በጢስ ተሞልቷል። እናቴ ለምጣዱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በእርጋታ ጌሾ ትለቅማለች። ዞር ብላ ምጣዱን አየችው። ከሰል ከሆነው ገብስ በጭልፋ ዝቃ አፍንጫዋ ሥር አደረገች። ደግማ አደረገች።

«ምንም አይሸተኝም» አለች፤ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ ዓይነት።

በማግስቱ ጋኖቹን አጥባ በአፋቸው ደፋቻቸውና በግንቡ ጥግ ደረደረቻቸው። ጠላ ሊለምናት ለሚመጣ ሁሉ «ደከመኝ፣ አረጀሁ» ማለት ጀመረች። ማሽተት እንዳቃታት ከቤተሰቡና ከጎረቤታችን በቀር ማንም እንዲያውቅ አልፈለገችም።

አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። ታላቅ ወንድሜ ሊያገባ ሆነና ሽማግሌ ተልኮ እሺ ከተባለ በኋላ የሙሽራዋ እናት ቤታችን መጡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው፤ እሳቸውም በጠላ የታወቀ ቤት ልጅ ናቸው። ስንሸኛቸው በር ላይ የእናቴን እጅ ይዘው «የእርስዎን ጠላ ዝናውን ስሰማ ነው የኖርኩት፤ እንግዲህ በልጆቻችን ሰርግ እጠጣዋለሁ» አሏት።

እናቴ «እግዜር ካለ ይደርሳል» አለች።

በሩ እንደተዘጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ወንድሜ «ምን ያስጨንቅሻል እማዬ? ቢራ በሳጥን እናስመጣለን። ዛሬ ማን ጠላ ይጠብቃል?» አላት። ሊያጽናናት ነበር። እሷ ግን የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ማሻሸት ያዘች። ምን እንደገፋኝ አላውቅም፤ «እኔ እጠምቃለሁ» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «አንቺ?» አለች እናቴ። «ሻይ አፍልተሽ ስኳሩን የምትረሺው?»

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሁለት ወር ነበረን። በማግስቱ አንዷን ትንሽ ጋን አቃንቼ በግራዋ ቅጠል አጠብኳት፣ በወይራ አጠንኳት። ጌሾውን ጠነሰስኩ፤ ብቅሉን፣ ተቆልቶ የተፈጨውን ገብስ ጨመርኩ። ሁሉንም በዓይን፣ እናቴ ስታደርግ እንዳየሁት። ከሳምንት በላይ ጠብቄ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለወንድሜ ሰጠሁት። እንደ ቡና የጠቆረ ነበር። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ፊቱ ተኮማተረ። «ይሄ የሆድ መድኃኒት ነው፤ ለሰርግ ሳይሆን ለኮሶ ነው የሚሆነው» ብሎ ጓሮ ደፋው። እኔ ለማልቀስ ትንሽ ቀርቶኛል። እናቴ ግን ከሳቋ ስትመለስ ካንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጋኑ ጠጋ አለች።

«ምን ምን ይሸታል?» አለችኝ።

«ጠላ ጠላ።»

«እሱ መልስ አይደለም። ሂጂ፣ ደግመሽ አሽትተሽ ንገሪኝ።»

ትምህርቴ በዚያ ተጀመረ። በየጠዋቱ ክዳኑን ገልጬ አሸታለሁ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትጠይቀኛለች። የዳቦ ቅርፊት ነው ወይስ የተቆላ ሽንብራ? የእርሾ ነው ወይስ የበሰለ ሙዝ? ምላስሽን የሚይዘው ከፊት ነው ወይስ ከጉሮሮ? መጀመሪያ ቃል አልነበረኝም። ቀስ በቀስ አገኘሁ። የትምህርት ቤት ደብተሬን የተረፈ ገጽ አውጥቼ ስንት ጣሳ ጌሾ፣ ስንት ጣሳ ብቅል፣ በስንተኛው ቀን ምን እንደሸተተ መጻፍ ያዝኩ። እናቴ በጽሕፈቴ ትገረም ነበር። «ጠላ በደብተር!» ትላለች፤ ቢሆንም ማታ ማታ «እስቲ አንብቢልኝ» ማለቷ አልቀረም።

ሁለተኛውን ስጠምቅ ጌሾውን በግማሽ ቀነስኩ፣ ገብሱንም ብዙ አላጠቆርኩትም። ምሬቱ ተስተካከለ። ነገር ግን የድሬ ሙቀት መቼ ሰው ይምራል? በሦስተኛው ቀን ድፍድፉ ከጋኑ ገንፍሎ ወለሉን አጠበው፤ በሰባተኛው ቀን ጠላው ኮምጣጤ ሆነ። ጎረቤታችን ጋኑን ሳጥብ ስታየኝ ከግንቡ ወዲያ ጠራችኝ።

«ናያ፣ እኔ አልቀምሰውም፣ ሐራም ነው። እህልና ሙቀት ግን አውቃለሁ። ይህን ጋን በባዶ ሲሚንቶ ላይ ታስቀምጪዋለሽ? ይነዳል! ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አስመጪ፣ አርጥቢው፣ ጋንሽን እሱ ውስጥ ቅበሪያት። ላይዋን እርጥብ ጆንያ አልብሺያት። እኛ ውሃ የምናቀዘቅዘው እንደዚያ ነው።» ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገችና «ደግሞ ገብሱን ተይ አቦ። እሱ የደጋ እህል ነው። ከመልካ ጀብዱ የመጣ ቀይ ማሽላ አለኝ፤ ደም የመሰለ። እሱን አብቅዪ» አለችኝ።

አሸዋውን በባጃጅ አመጣን። ቀይ ማሽላውን ነክሬ አበቀልኩት፣ ጥላ ላይ አደረቅኩት፣ የቀረውን ለስለስ ባለ እሳት ቀላ እስኪል ብቻ ቆላሁት። ጠዋትና ማታ ጆንያውን ውሃ አርከፈክፋለሁ። ሦስተኛው ጠላ በብርጭቆ ሲቀዳ ወንድሜ ሳይጠጣው ወደ ብርሃን አነሳው። ቀይ ነበር፤ የጀንበር መጥለቂያ ቀይ። ቀምሶ «ይጠጣል» አለ።

እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ምን እንደጎደለው የገባኝም ከእናቴ ጥያቄዎች ነው። ደብተሬን ሳገላብጥ በጥንስሱ የመጀመሪያ ቀን «የታጨደ ሣር፣ የሎሚ ልጣጭ» ብዬ ጽፌያለሁ። በአምስተኛው ቀን ያ ሽታ የለም። ቅጠሉ አብሮ ሲፈላ ሽታው አልቆ የሚቀረው ምሬቱ ነው። ስለዚህ የጌሾውን እንጨት መጀመሪያ፣ ቅጠሉን ደግሞ ሊጠለል ሁለት ቀን ሲቀረው ብጨምርስ? ለእናቴ ነገርኳት።

«ጌሾ ሁለቴ?» አለች፤ ፊቷ ተለወጠ። «ወጥ ነው እንዴ የምትሠሪው፣ ኋላ ላይ ቅመም የምትነሰንሺበት? እናቴም እኔም ጌሾ አንዴ ነው የምናውቀው።»

«አንቺ ነሽ አሽትቺ ያልሽኝ።»

ሰርጉ ሊደርስ አሥራ አምስት ቀን ቀርቷል፤ ለሰርጉ የሚጠመቁት ሦስት ትልልቅ ጋኖች ቢበላሹ ሌላ ለመጥመቅ ጊዜ የለንም። በመጨረሻ «አፍንጫው የአንቺ ነው» አለችና ብድግ ብላ ትልቁን ጋን ታቃና ጀመር።

በጠነሰስን በሰባተኛው ቀን ጠዋት ጓሮ ስወጣ እናቴ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተንበርክካ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ አገኘኋት። በእጇ ዝም እንድል ምልክት ሰጠችኝ። እኔም በወዲያኛው በኩል ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከውስጥ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ሹክሹክታ ይሰማል፤ ዝናብ በሩቅ ቆርቆሮ ላይ ሲያካፋ የሚመስል። «ተረጋግታለች» አለች በሹክሹክታ። «ትናንት ትጮህ ነበር። ቅጠልሽን ዛሬ ጨምሪ።» ሽታ ያጣችው እናቴ በጆሮዋ መጥመቅ ጀምራ ነበር። ዛሬም እኔ ጠላ ስጠምቅ እንደዚያ አደርጋለሁ፤ ባሌ ይስቅብኛል።

የሰርጉ ዕለት ድንኳኑ ግቢውን አልፎ መንገዱን ይዟል። በአንድ በኩል የሙስሊም እንግዶች ማዕድ ተለይቶ ተዘርግቷል፤ እዚያ ጎረቤታችን ራሷ ቆማ ታዛለች። እኔ ከጋኖቹ አጠገብ ነኝ፤ ቀሚሴ ላይ የጠላ ነጠብጣብ አለ። ወንድሜ ለክፉ ቀን ያስመጣው ቢራ በሳጥን ተደርድሮ ይታየኛል።

ለሙሽራዋ እናት ጠላውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ብርጭቆውን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሱት። ቅንድባቸው ከፍ አለ። «ቀይ?» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ። መጀመሪያ አሸተቱት፤ ሳይጠጡ ቆዩ። ጎንጨት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ብርጭቆውን እስከ ታች ጨርሰው አንገታቸውን ወዘወዙና ባዶውን ዘረጉልኝ።

«ጨምሪልኝ ልጄ። ይህን ያህል ዓመት ጠምቄ እንዲህ የሚሸት ጠላ አልጠጣሁም።» ወደ እናቴ ዞሩ። «ዝናዎን አሳንሰው ነው የነገሩኝ! እጅዎን ይባርክ።»

ሁሉም ሰው እናቴን አየ። አሜን ብላ ልታልፈው ትችል ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም። እሷ ግን ከወንበሯ ተነሳች።

«እጄ የለበትም» አለች፤ ድምጿ ድንኳኑ ዳር ድረስ ይሰማ ነበር። «እኔ ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም፤ ደከመኝ እያልኩ የሸሸኋችሁ አፍሬ ነው። ይህ ጠላ የእሷ ነው። ከእናቴም ከእኔም ያልተማረችውን ጨምራበት የጠመቀችው ልጄ ናት።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አላስታውስም። እልልታው ይሰማኛል። ወንድሜ ከሙሽራው ወንበር ተነስቶ፣ ሱፉን እንደለበሰ፣ ከጋኖቹ መሐል ብድግ አድርጎ አንስቶኛል። ከሙስሊሞቹ ማዕድ በኩል ጎረቤታችን «ማሽላው የእኔ ነው ወላሂ! አሸዋውንም እኔ ነኝ ያልኳት!» እያለች ስትጮህ ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ሦስቱም ጋኖች ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሟጠጡ። ቢራው አብዛኛው ሳይከፈት በሳጥኑ ተመለሰ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ይመስለኛል፣ እናቴና እኔ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀምን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከታችኛው መንገድ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የልጃቸው ክርስትና ደርሶባቸዋል። ሰውየው ሰላምታ ሰጥቶ «ጠላ ጠማቂዋን ፈልገን ነበር» አለ። እናቴ እንደ ልማዷ ሰፌዱን አስቀመጠች፣ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች፣ «ግቡ፣ ግቡ፤ መቼ ነው ክርስትናው?» አለች። ሚስትየዋ ወደ ባሏ ተመለከተች፣ ከዚያ አፍራ በለሆሳስ «ይቅርታ እማማ… ልጅቷን ነበር» አለች።

እናቴ እንደቆመች ቀረች፤ ትንፋሽ ያህል ብቻ፣ እጇ የበረንዳውን ምሰሶ ይዞ። ከዚያ ፊቷ በራ። አጠገቧ፣ አንድ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ጎረቤትም መንገደኛም እንዲሰማ አድርጋ ጮክ ብላ ጠራችኝ።

«ጠላ ጠማቂዋ! እንግዳ መጥቶልሻል፣ ተነሺ!»

እኔ ተነሳሁ። እሷ ቀስ ብላ ተቀመጠችና የእኔን ሰፌድ ምስር በራሷ ሰፌድ ላይ ገለበጠችው፤ ሁለታችን የጀመርነውን ብቻዋን መልቀም ቀጠለች።