የዞሪት ቢጫ ጨርቆች

ዞሪት ያሏት ጎረቤቶቿ ናቸው። እውነትም ትዞራለች። ጠዋት፣ ሰው ገና ዓይኑን እያሻሸ ሳለ፣ እሷ ሦስቱን መንገድ ከዳር እስከ ዳር አዳርሳ ትመለሳለች። ስሙን ሲያወጡላት ለአሽሙር ነበር፤ እግሯ ቤት አይበቃውም ለማለት። ኋላ የምትዞርበትን ጉዳይ ሲያውቁ አሽሙሩ ጠፋ፣ ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀረ። እሷም ደስ ብሏት ይሁን ተስፋ ቆርጣ እንጃ፣ ሲጠሯት «አቤት» ትላለች።

ሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታለች። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ሆነው ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ ወጥረው፣ ተራምደው መገናኘት አለባቸው። ያንን ሌላኛውን ጫፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የያዘችላት አንዲት ጓደኛ ነበረቻት። ጓደኛዋ ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ቤቷ ውስጥ ወድቃ ሞተች። የተገኘችው በሦስተኛው ቀን ነው። በነዚያ ሦስት ቀናት ዞሪት በዚያ በር በየቀኑ አልፋለች። አንደኛውን ቀን እንዲያውም «ዛሬስ እንቅልፍ ጥሏታል፣ አልቀሰቅሳትም» ብላ ኮቴዋን አጥፍታ ነበር ያለፈችው።

ይሄ ነገር ከውስጧ አልወጣ አለ። ሆስፒታሉ አርጅቷል ብሎ የጣለውን ቢጫ ብርድ ልብስ ወሰደች፣ አሥራ አንድ ቦታ ቆረጠችው፣ ጠርዙን ዘመዘመችው፤ ከዚያ በሦስቱ መንገድ ብቻቸውን ለሚኖሩ አሥራ አንድ አዛውንት አደለች። ሕጉ አጭር ነው። ጠዋት ስትነሱ ጨርቁን በመስኮት አውጡ፣ ማታ አስገቡ። እስከ ሁለት ሰዓት ያልወጣ ጨርቅ ካለ ዞሪት ታንኳኳለች። ካልተከፈተ በሰጧት ቁልፍ ከፍታ ትገባለች።

አሥሩ ቁልፋቸውን ሰጥተዋታል። ያልሰጡት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ሌላ ሳይሆኑ ጡረተኛው ቁልፍ ሠሪ።

«ጋሼ፣ የእርስዎስ?» አለቻቸው ያኔ።

«የእኔ ምን?»

«ቁልፍዎ።»

«አንቺ ዞሪት! አምሳ ዓመት ለሰው ቁልፍ ስቀርጽ አንድ ቀን ትርፍ ቀርጬ አላስቀረሁም። የሰው ቁልፍ ያልያዝኩትን ሰውዬ ነው ቁልፍህን ለሰው አስይዝ የምትዪኝ?»

«ቢወድቁስ?»

«እነሣለኋ።»

«ካልተነሡስ?»

«ካልተነሣሁማ ምን ያስቸኩልሻል!»

ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የዛሬ አራት ዓመት ድንገት የመታቸው በሽታ ቀኝ እጃቸውን ይዞባቸው ሄዷል። ጨርቁን በግራቸው ብቻ በመስኮቱ ብረት መሐል ይወትፉታል። ጫፉ ወደ መንገዱ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ «ይኸው መስኮቴ ምላሱን አወጣልሽ» ይሏታል። በሩ የብረት ነው፤ ሦስት መዝጊያ አለው፤ ሦስቱንም ራሳቸው ናቸው የሠሩት። ያንን በር ያለ ቁልፍ መክፈት የሚችል አንድ ሰው ቢኖር ጎራዳው ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት አብሯቸው ሠርቶ፣ ሙያውን ቀስሞ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ሁለት መንገድ አልፎ የራሱን ሱቅ የከፈተ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቁልፍ ሠሪው አላነጋገሩትም። «ሞቼ እንኳ ደጄን እንዳይረግጥ» ብለዋል፤ ለሰማቸውም ላልሰማቸውም።

ታዲያ በዚያ ዓመት ከባሕር ማዶ እንግዶች መጡ። ሰባት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ ከመምህራቸው ጋር፣ ለሦስት ሳምንት አጭር ትምህርት። የሚያጠኑት ሰው ከተወለደበት ቀን እስከ እርጅናው ድረስ በአካባቢው ሰዎች መካከል እንዴት ደኅና ሆኖ እንደሚኖር ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሕፃናት ማቆያ ዋሉ፣ ሁለተኛውን ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት። ሦስተኛው የአዛውንቶች ሳምንት ስለሆነ የአዛውንቶች መዋያው ኃላፊ ዞሪትን አስጎብኚ አደረጋት።

«እኔ? ስምንተኛ ክፍል እንኳ ያልጨረስኩት ሴትዮ?»

«ሰዎቹን ከአንቺ በላይ ማን ያውቃቸዋል?»

በመጀመሪያው ቀን አዳራሽ ውስጥ ፊት አስቀመጧት። ግድግዳው ላይ ሥዕል በርቷል፤ ክብ በክብ ውስጥ፣ ቀስት ከቀስት ጋር፣ በአምስት ቀለም። መምህሩ አንድ ነገር ተናገረ፣ አስተርጓሚው ወደ እሷ ዘወር አለ።

«እትዬ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች በየቀኑ ደኅና ማደራቸውን በምን ያውቃሉ ይላል።»

«በጨርቅ» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ግድግዳውን አየች። አምስቱን ቀለም አየች። የሆስፒታል ውዳቂ፣ የብርድ ልብስ ቁራጭ፣ በዚህ ሁሉ የተማረ ሰው ፊት! ጆሮዋ ጋለ።

«እየዞርን እንጠይቃለን» አለች።

ሰባቱም አቀርቅረው ጻፉት። ውሸት አፍ ላይ ሲሆን ትንሽ ነው፤ በሰባት ደብተር ሲጻፍ ያስፈራል። ነገ አቃናዋለሁ አለች። ነገ ሌላ ነገ ወለደ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ቀን ደረሰ።

ያን ቀን ጠዋት ረፈደባት። ፎቶ ትነሻለሽ ስለተባለች ቀሚሷን ስትተኩስ ቆየች። ሁለቱን መንገድ እንደ ወትሮው ዞረች። ሦስተኛው መንገድ መጨረሻ ላይ ያለው የቁልፍ ሠሪው ቤት ነው፤ እስከዚያ ሄዶ መመለስ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ከመታጠፊያው ላይ ቆመችና አንገቷን አሰገገች። ቢጫው አለ። ብቻ ዛሬ መሐሉ ላይ ሰብሰብ ብሎ የልጃገረድ የጸጉር ጥብጣብ መስሏል።

«ጋሼ ዛሬስ አጊጠዋል» ብላ ፈገግ አለችና ከመታጠፊያው ተመለሰች።

አዳራሽ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ግን ያ ጥብጣብ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ውስጥ ተሰነቀረ። መምህሩ ተማሪዎቹን በተራ እያስነሣ ነበር፤ እያንዳንዳቸው በዚህ ሳምንት ለሌላ ሰው ያደረጉትን አንድ ትንሽ ነገር ይናገራሉ። አንዱ የአንዲት አሮጊት ዕቃ ተሸክሟል። ሌላዋ ለአንድ ሽማግሌ ጋዜጣ አንብባለች፤ ፊደሉን ሳታውቅ፣ ሥዕሉን እያሳየች። ሰው ሳቀ። ዞሪት አልሳቀችም። መሐረቧን አውጥታ በወንበሩ ክንድ ላይ ጠመጠመችው፤ ከዚያ ቀኝ እጇን ጭኗ ሥር ደብቃ በግራዋ ብቻ ልትቋጥረው ሞከረች። ተንሸራተተ። እንደገና ሞከረች። ወደቀ።

በአንድ እጅ አይቋጠርም።

በዚሁ መሐል ባለ መነጽሯ ተነሣች። ከሰባቱ ሁሉ ዝምተኛዋ እሷ ናት፤ ማልዳ የምትሮጥ ቀጭን ልጅ። አስተርጓሚው ተከትሏት ይናገር ጀመር።

«ዛሬ ጠዋት ስትሮጥ... አንድ መስኮት ሥር ቢጫ ጨርቅ መሬት ላይ ወድቆ አገኘች። ሁልጊዜ መስኮቱ ላይ ታየው ነበር፤ የቤቱ ባለቤት የሚወዱት ነገር መሰላት። አቧራውን አራግፋ፣ ነፋስ እንዳይጥለው ጥሩ አድርጋ አሰረችው።»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ዞሪት ስትነሣ ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ።

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«እትዬ፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው...»

«ስንት ሰዓት ላይ በላት!»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ።»

የግድግዳው ሰዓት ሦስት ከሩብ ይላል። ዞሪት በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።

ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷም ለሩጫ የተሠራ አይደለም። የተተኮሰ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ሮጠች። ባለ መነጽሯ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ፣ ማጥፋቷን ብቻ አውቃ፣ ከጎኗ ትሮጣለች። አስተርጓሚው ከኋላቸው ያለከልካል።

ቋጠሮው ከቅርብ ሲያዩት ያምራል፤ ድርብ ነው፣ ጫፉም እኩል ነው።

«ጋሼ! ጋሼ! እኔ ነኝ!» በሩን በመዳፏ ደበደበች። ብረቱ ጮኸ፣ ቤቱ ዝም አለ። በመስኮቱ ብረት መሐል እጇን አስገብታ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ከመስኮቱ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ካልሲ ያጠለቀ እግር ታየ። የቀረውን ግድግዳው ጋርዶታል።

ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጠፈች።

ኳ።

ትንሽ ቆይቶ፣ ኳ። ብረት ወለል ሲነካ ነው።

«አሉ! በሕይወት አሉ!» ወደ አስተርጓሚው ዞረች። «አምቡላንስ ጥራ!»

«እየደወልኩ ነው፣ እትዬ... ሃያ ደቂቃ ይፈጅብናል ነው የሚሉት።»

«ቢደርሱስ በሩን ማን ሊከፍትላቸው ነው?» አሥሩን ቁልፍ ከነማንጠልጠያው ኪሷ ውስጥ ጨበጠችው። አሥሩም እዚህ በር ላይ ቆርቆሮ ናቸው። የባለ መነጽሯን እጅ ያዘች። «በላት፣ ሁለት መንገድ አልፋ፣ ትልቅ የእንጨት ቁልፍ የተሰቀለበት ሱቅ። ጎራዳውን ታምጣው።»

አስተርጓሚው ነግሯት ሳይጨርስ ልጅቷ ተፈተለከች።

ዞሪት መስኮቱ ላይ ቀረች። ታወራለች፤ ምን እንደምታወራ አታውቀውም። ስለ ዛሬው ፀሐይ፣ ስለ ቀሚሷ። ኳ ይላል። ሌላ ነገር ታወራለች። ኳ። በሁለቱ መሐል ያለው ዝምታ ግን እየረዘመ ነው፤ በልቧ ስትቈጥር ስድስት የነበረው ዘጠኝ፣ ዘጠኝ የነበረው አሥራ ሦስት ሆነ።

ባለ መነጽሯ ጎራዳውን በእጅጌው እየጎተተች መጣች። በሦስት ሳምንት ካወቀቻቸው ጥቂት ቃላት አንዱ «ና» ነበር፤ «ና! ና! ና!» እያለች ነው ያመጣችው። ሰውዬው መሣሪያ መያዣውን ታቅፏል፤ ቤቱን ሲያይ ግን እንደ ተተከለ ቆመ።

«እትዬ ዞሪት፣ እዚህ ደጅማ...»

«ወድቀዋል።»

«ሞቼ እንኳ ደጄን እንዳይረግጥ ብለዋል እኮ።»

«አልሞቱማ! ሲሞቱ ትከራከራቸዋለህ። ክፈት!»

ተንበረከከ። የመጀመሪያው መዝጊያ ቶሎ እሺ አለ። ሁለተኛው ላይ ቀጭኑ ሽቦ ታጠፈበት፣ ሌላ አወጣ፣ ግንባሩ በላብ ራሰ። ዞሪት ስትቈጥር ሃያ አለፈ። ምንም የለም።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች በመስኮቱ። «በርዎን የሚከፍተው ጎራዳው ነው! ከተናደዱ ያንኳኩ!»

ዝም።

ከዚያ፣ ኳ ኳ ኳ።

«ተናደዋል» አለች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «በርታ!»

ጎራዳው አልሳቀም። ከንፈሩን ነክሶ ሦስተኛውን ጀመረ። ከውስጥ ድምፁ ቆሟል። ዞሪት ሠላሳ ቈጠረች። አርባ ቈጠረች። የጓደኛዋ በር ታያት፤ ኮቴዋን አጥፍታ ያለፈችበት። ዛሬም ከመታጠፊያው ላይ ነው የተመለሰችው፤ ለፎቶ ብላ።

ቀጭ አለ፣ በሩም ተከፈተ።

ቁልፍ ሠሪው መስኮቱ ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። ጨርቁን ለማውጣት እጃቸውን ሲዘረጉ ነው ያው በሽታ ዳግም የመታቸው፤ ጨርቁ ወደ ውጭ፣ እሳቸው ወደ ውስጥ። አፋቸው ወደ አንድ በኩል ተጣምሟል፣ በግራ እጃቸው የራሳቸውን የበር ቁልፍ ጨብጠዋል። ሲያንኳኩ የቆዩት በሱ ነው። ዓይናቸው ግን ክፍት ነው፤ ጎራዳው ላይ ተተክሏል።

አምቡላንሱ ይዟቸው ሲሄድ ጎራዳው አብሮ ተሳፈረ፤ ማንም አልጠየቀውም፣ ማንም አላስወረደውም። ባለ መነጽሯ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ነገሩን አስተርጓሚው ከጎረቤቶቹ ሰምቶ ነግሯታል።

«እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ትላለች» አለ።

ዞሪት ከጎኗ ተቀመጠች። መምህሩና ሌሎቹ ተማሪዎች ደርሰው ከበዋቸዋል፤ እንደ ዛሬ ብዙ የተማረ ሰው አጠገቧ ቆሞ አያውቅም። ጆሮዋ እንደ ያኔው ጋለ።

«በላት፦ አንቺ አይደለሽም። ጨርቁ ሰዎቹ ደኅና መነሣታቸውን የሚናገር ምልክት ነው። መምህርሽ በምን ታውቂያለሽ ብሎ ሲጠይቀኝ አፍሬ ዋሸሁት። እንጠይቃለን አልኩ፣ እናንተም ጻፋችሁት። እውነቱን ብነግራችሁ ኖሮ ዛሬ ጨርቁን መሬት ላይ ስታዪ ትጮሂ ነበር። ደግሞ እኔ ራሴ ቋጠሮውን ከሩቅ አይቼ አልፌያለሁ።»

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ሁሉንም ልንገራቸው? ለእርስዎ...»

«ሁሉንም። አንዲት ቃል እንዳታስቀር።»

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደች፤ ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላውን ያጠበችለት ሆስፒታል። ሐኪሙ «ከዚህ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ...» አለና ቀሪውን አልጨረሰውም። ቁልፍ ሠሪው ትራስ ላይ ናቸው። ጎራዳው ከበሩ ውጭ ቆሟል፣ መግባትም መሄድም አቅቶት። ምላሳቸው ከብዷል፤ ዞሪት ጎንበስ ብላ ነው የሰማቻቸው።

«በ... ስንት ደቂቃ ከፈተው?»

«አምስት ቢሆን ነው ጋሼ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አምስት!» አሉ። «ምን ቆሞ ያያል? ይግባ... ሦስተኛው እንዴት እንደሚከፈት ረስቶታል።»

በማግስቱ እንግዶቹ ከቀትር በኋላ ተጓዦች ነበሩ። ጠዋት ግን ሰባቱም ከነመምህራቸው ዞሪትን ተከትለው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዙሩ የሚጀመረው ከሦስተኛው መንገድ መጨረሻ ነው። ከመታጠፊያ ላይ ማየት ቀረ፤ እያንዳንዱ መስኮት ሥር ድረስ ይኬዳል።

የቁልፍ ሠሪው ጨርቅ ትናንት እንደ ታሰረ ነበር። «ይሄ ይውረድ» አለች ዞሪት፤ «ሰው በሌለበት ቤት ደኅና ነኝ ማለት የለበትም።» ባለ መነጽሯ ቀደም ብላ ቀኝ እጇን ወደ ኋላዋ አደረገችና በግራዋ ብቻ ቋጠሮውን ልትፈታ ጀመረች። ጥፍሯ ተንሸራተተ፤ ከንፈሯን ነክሳ እንደገና ያዘችው።

ዞሪት ጥቂት አየቻት፤ ከዚያ በሁለት እጇ ፈታ ጨርቁን በልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት።

«ሌላ ጊዜ ትለማመጃለሽ፣ ልጄ» አለች። «ገና አሥር መስኮት ይቀረናል፤ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው።»